የእጅ ሥራ ከሱቅ

ጎበዝ፣ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ትምህርት ቤቶቻችን «የእጅ ሥራ አምጡ» ሲሉ የማንን እጅ ሥራ ነው የሚሉት?

ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ ይመስላል። ግድ የለም፤ የሴሚስተሩ ማለቂያ ሲቃረብ ወልቂጤ ወይም ቡታጅራ ገበያ ወጣ በሉና ከጽሕፈት መሣሪያና ከስጦታ ዕቃ መሸጫዎቹ ደጃፍ ጥቂት ቆማችሁ ታዘቡ። አንዲት እናት ልጇን እጁን ይዛ ትመጣለች። «ወንድሜ፣ የእጅ ሥራ አለህ?» ትላለች። ባለሱቁ ቅንጣት አይገርመውም። «ስንተኛ ክፍል ነው እናቴ?» ይላታል፣ የጫማ ቁጥር እንደሚጠይቅ ሰው። ከዚያም ከመደርደሪያው ላይ አንዲት ትንሽዬ መሶብ፣ ከክር የተሠራ አበባ፣ ከካርቶን የተገጣጠመ ጎጆ ያወርድላታል። ይከራከራሉ፤ ትከፍላለች። በማግስቱ ልጁ ዕቃውን በፌስታል አንጠልጥሎ ይሄዳል፤ መምህሩ ይቀበላል፣ ስም ይመዘግባል፣ ከአሥር ዘጠኝ ይሰጣል። ከዚህ ሁሉ የልጁ እጅ የነካው ፌስታሉን ብቻ ነው!

ይህ የሁለቱ ከተሞች ብቻ ጉድ ነው ብዬ ስም ላጠፋ አይደለም። አዲስ አበባም ሐዋሳም ያው ነው። ወልቂጤንና ቡታጅራን ያነሳሁት ነገሩ እዚያ ሲሆን የበለጠ ስለሚያንገበግበኝ ነው። አንደኛዋ የጉራጌ ዞን መቀመጫ ናት፤ ሌላይቱም ክልሉ እንደ አዲስ ከተዋቀረበት ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆናለች። ሥራ አይንቅም ተብሎ አገር ሁሉ የሚመሰክርለት ሕዝብ ከተሞች ናቸው። በ1950ዎቹ «መንግሥት መንገድ እስኪሠራልን» ብሎ እጁን አጣጥፎ ሳይቀመጥ፣ አዲስ አበባ ያለው ልጁ ከኪሱ አዋጥቶ፣ ድርጅት አቋቁሞ መንገድ ያስጠረገ ሕዝብ ነው። እንዲህ ያለው ሕዝብ ልጁን «አንተ ተወው፣ እኔ እገዛልሃለሁ» ማለት ከጀመረ ሌላውማ ምን ሊሆን ነው?

ልጁ ከዚህ ግዢ ምንም አይማርም ብላችሁ ግን አትሳሳቱ። በደንብ ይማራል። አንደኛ፣ ያልሠሩትን «ሠራሁ» ብሎ ማቅረብ ማርክ እንደሚያስገኝ ይማራል። ነገ አድጎ የመመረቂያ ጽሑፉን በገንዘብ ሲያጽፍ «ምን ዓይነት ትውልድ መጣብን!» እያልን ደረት የምንመታው ለምንድነው? መንገዱን ያሳየነው እኮ ሁለተኛ ክፍል ሳለ ነው። ሁለተኛ፣ መሥራት የሌላ ሰው ዕጣ፣ መግዛት ደግሞ የእሱ ዕጣ መሆኑን ይማራል። ሦስተኛውና ለእኔ የከፋው፣ ሠሪ ስም እንደሌለው ይማራል።

ያቺን ትንሽዬ መሶብ የሰፋች ሴት አለች። ስንደዶውን መርጣ፣ አክርማውን ሰንጥቃ፣ አለላውን ቀለም ነክራ፣ በወስፌ ወግታ ወግታ የቋጨቻት እሷ ናት። ስሟን የሚጠይቅ የለም። ምናልባትም የራሷ ልጅ እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ሌላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ይሆናል። እናቷ እያሳየቻት በገዛ እጇ የሰፋቻትን፣ ጠርዟ ትንሽ የተንጋደደችውን መሶብ ይዛ መጥታለች። መምህሩ ሁለቱን አስተያይቶ ለተገዛችው ዘጠኝ፣ ለተሠራችው ስድስት ይሰጣል። እንግዲህ ይታያችሁ፤ እናትየው በገዛ ወስፌዋ የሰው ልጅ በልጇ ላይ እንዲበልጥባት አደረገች ማለት ነው። ልጅቷስ ማታ ቤቷ ገብታ ያንን ወስፌ እንደገና የምታነሳው በየትኛው ልቧ ነው?

አሁን ራቅ ወዳለ አገር ልውሰዳችሁ። ለሽርሽር አይደለም፤ ለማነጻጸሪያ ነው።

ጃፓን ውስጥ ቴማሪ የሚባል ኳስ አለ። በቋንቋቸው «ቴ» እጅ፣ «ማሪ» ኳስ ነው፤ የእጅ ኳስ እንበለው። ሲያዩት በሐር የተለበጠ ፍሬ ይመስላል። ላዩ ላይ ኮከብ አለ፣ አበባ አለ፣ እርስ በርሱ የተቆላለፈ የቀለም ሐረግ አለ። ሥዕል አይደለም፤ አንዱ ክር በሌላው ላይ እየተሻገረ የሠራው ነው። አሠራሩን ስታውቁት ደግሞ የባሰ ትደነቃላችሁ። ውስጡ የዱሮ ጨርቅ ወይም የሩዝ ገለባ ነው። እሱ ላይ ክር ይጠመጠማል፣ ይጠመጠማል፣ ድቡልቡል እስኪሆን ድረስ። ከዚያ በቀጭን የወረቀት ጥብጣብ ዙሪያው ይለካል፤ ጥብጣቡ እየታጠፈ እኩል ይከፈላል፤ አናቱ ላይ፣ ግርጌው ላይና ወገቡ ላይ ስፒል ይሰካል። ኳሱ ስምንት ቦታ፣ አሥር ቦታ፣ አሥራ ስድስት ቦታ ይከፋፈላል። የሚጠለፈው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የሒሳብ መምህር ክብን ስለመከፋፈል በጠመኔ ሲለፋበት የሚውለውን ነገር አንዲት የጃፓን አያት በመርፌና በክር ትጨርሰዋለች።

ነገሩ ከቤተ መንግሥት የወረደ እንዳይመስላችሁ። እርግጥ ነው፣ የሩቅ ዘመዱ ከሺህ ዓመት በፊት ከቻይና ተሻግሮ የገባው፣ መኳንንቱ በእግራቸው ይጫወቱበት የነበረው የቆዳ ኳስ ነው። የክሩን ኳስ ተራው ሕዝብ ቤት ያስገባው ግን እ.ኤ.አ. ከ1603 እስከ 1868 በዘለቀው በኤዶ ዘመን የጥጥ መስፋፋት ነው። እናቶችና አያቶች ያረጀ ኪሞኖ ቀድደው፣ ክሩን መዝዘው፣ ጨርቁን ጠቅልለው ለልጆቻቸው ይሠሩ ነበር። የአዲስ ዓመት ስጦታም ይሆን ነበር። ሪዮካን የሚባል እ.ኤ.አ. ከ1758 እስከ 1831 የኖረ መነኩሴ ገጣሚ ነበራቸው። ስለ እሱ ሲነገር ከግጥሙ እኩል የሚነሳው ከመንደር ሕፃናት ጋር ቴማሪ እየነጠረ መዋሉ ነው። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በነበረበት ዘመን ብዙ የተኮሳተሩ ገጣሚያን አጋጥመውኛል፤ ኳስ ይዞ የሚዞር ግን ከእሱ ሌላ አላየሁም።

እስቲ ልብ በሉ፤ ያረጀ ልብስ፣ የተመዘዘ ክር፣ የእናት እጅ፣ የልጅ ጨዋታ። ይህን ነገር የት ነው የምናውቀው?

የጨርቅ ኳስ ነዋ!

ከእኛ መሃል አሮጌ ካልሲ ፈልጎ ያላገላበጠ ወንድ ማን ነው? ካልሲ ከጠፋ የተቀደደ የሹራብ እጅጌም ይሆናል። ብጣሽ ጨርቅ ይታጨቅበታል፤ አፉ ይጠመዘዛል፣ ይገለበጣል፣ እንደገና ይጠመዘዛል። ከዚያ በሲባጎ ዙሪያውን ይጠመጠምና በመርፌ ይያያዛል። እንሰት ባለበት አገር ደግሞ ቃጫ መች ጠፍቶ! የሚነጥር ኳስና የማይነጥር ኳስ የሚለየው በአጠማጠሙ ነበር። ሰፈሩም «የእገሌን ኳስ አምጡ» ብሎ ባለሙያውን በስሙ ያውቀው ነበር። ለገና የሚመታው ሩርም ቢሆን በአንድ ሰው እጅ የሚሠራ ነበር። እናቶቻችንስ ከእንዝርት ያወረዱት ልቃቂት ምንድን ነው? በጣት ተመጥኖ የተጠመጠመ የክር ኳስ አይደለም እንዴ? መሶቧን የምትሰፋዋ ሴትስ? እሷም እንደ ጃፓኗ አያት በዙር ትቆጥራለች። ክቡ እየሰፋ ሲሄድ ሐረጉ እንዳይዛነፍ በየዙሩ ስንት ስንት መጨመር እንዳለባት ታውቃለች። ወረቀት አልያዘችም፤ ሒሳቡ ግን አለ።

ስለዚህ በእኛና በጃፓኖቹ መሃል ያለው ልዩነት ከክሩ አይደለም፣ ከጨርቁም አይደለም፣ ከእጁም አይደለም። ልዩነቱ የጎማ ኳስ ከመጣ በኋላ በሆነው ነገር ነው።

የጎማ ኳስ እነሱም ዘንድ መጥቷል። ከ1868ቱ የሜይጂ ለውጥ ወዲህ ከውጭ ገባ፤ ይነጥራል፣ ይረክሳል፣ ዝናብ አይፈራም። ቴማሪ ተሸነፈ። ልጆቹ ፊታቸውን አዞሩ፤ አያቶቹም መርፌያቸውን ሰቀሉ። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ከእኛ በምን ይለያል? ግን አላለቀም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የሚያውቁት አሮጊቶች ሳይሞቱ ጠይቀው የተማሩ፣ ማኅበር መሥርተው ያስተማሩ ሰዎች ተነሡ። በዱሮ ስሟ ሳኑኪ በምትባለው በካጋዋ ዛሬም በሩዝ ገለባ ላይ በዕፅዋት ቀለም የተነከረ የጥጥ ክር እየጠመጠሙ ይሠራሉ። ማትሱሞቶ የምትባለው ከተማማ ቴማሪን ምልክቷ አድርጋ፣ የመንገዷን የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳን ሳይቀር በቴማሪ ሥዕል አስጊጣዋለች። እኛ ዘንድ የጉድጓዱ ክዳን ራሱ ከተገኘ ትልቅ ነገር ነው!

እኛስ? እኛ የጎማው ኳስ ሲመጣ የጨርቁን ጣልነው። መጣሉስ ይሁን፤ ልጅ የተሻለ ኳስ ይገባዋል። ግን ከኳሱ ጋር አብሮ መጣል ያልነበረበትን ነገር ጣልን። በእጅ የተሠራ ነገር ሁሉ የድህነት ምልክት ነው አልን። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የሚለውን ተረት የተረትነው ለምክር ነበር፤ እኛ እንደ መመሪያ ወሰድነው።

ይህ ንቀት ደግሞ ትናንት ከጎማ ኳስ ጋር በመርከብ የገባ አይደለም። ቆየት ያለ ሥር አለው፤ ቋንቋችንን ብቻ ማየት ይበቃል። «ጥበብ» ስንል ትልቁን ነገር ማለታችን ነው፤ የነጠላን ጥለት እንኳ «ጥበብ» ብለን እንጠራዋለን። ታላቅ ሰው ስናሞግስ «ጠቢብ» እንላለን። ብረት ቀጥቅጦ ማረሻ፣ አፈር ለውሶ ማሰሮ የሚሰጠንን ሰው ግን ያንኑ ቃል ትንሽ ጠምዘዝ አድርገን «ጠይብ» ብለን ሰደብነው። አንዱ ቃል መጽሐፍ ለያዘ ሲሆን ምስጋና፣ መዶሻ ለያዘ ሲሆን ስድብ! አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሁሉ ከዚህ ነገር እንዲታቀብ በአዋጅ ገሥጸው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። አዋጁን ሰምተናል፤ ስድቡንም አልተውንም።

ጉራጌ አገር ሥራ ይከበራል ብያለሁ፤ እውነት ነው። ግን ሁሉም ሥራ አልነበረም። ንግዱ ይከበራል፣ እርሻው ይከበራል፣ ጉልበቱ ይከበራል። እንጨት ጠራቢው፣ ቆዳ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ ግን «ፉጋ» ተብለው በአንድ ቃል ከአጥር ውጭ ተደርገዋል። አሜሪካዊው የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ ዊሊያም ሻክ እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ጉራጌ ባሳተመው መጽሐፍ ይህንን ጽፎታል። መሬት እንዳይኖራቸው፣ ከሌላው ጋር እንዳይጋቡ የተከለከሉት እነዚህ ሰዎች ናቸው። ያ የምንኮራበት ክብ ቤት ያለ እጃቸው አይቆምም ነበር፤ ቤቱ ከቆመ በኋላ ግን እነሱ እንግዳ እንኳ አይደሉም። ዛሬ ይህ ነገር እየቀለለ መጥቷል እንጂ ጨርሶ ጠፍቷል የሚል ካለ፣ ለልጁ ሚስት ሲፈለግ የሚጠየቀውን ጥያቄ ጆሮውን ሰጥቶ ያድምጥ።

ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ ገብቶ ክትፎ ሳይበላ የሚመለስ ሰው አለ? ክትፎው በምን ይቀርባል? በጣባ። በቻይና ሳህን ቢቀርብልን እኮ «ይሄማ ምኑን ክትፎ ሆነ!» ብለን እንቆጣለን። ጣባው ለአፋችን ያስፈልገናል፤ ጣባውን የሠራችው ሴት ግን ለገበታችን አታስፈልገንም። ሥጋው ከየት እንደመጣ እንጠይቃለን፣ ቅቤው የየት አገር እንደሆነ እንከራከራለን፣ ቆጮው ስንት ዓመት ጉድጓድ እንደቆየ እናወራለን። ጣባው የማን እጅ ሥራ እንደሆነ ጠይቆ የሚያውቅ ሰው ካለ እጁን ያውጣ።

እንግዲህ ያ የስጦታ ዕቃ ሱቅ ደጃፍ ያየነው ነገር ከየት እንደመጣ ገባችሁ? እናትየዋ ክፉ ሆና አይደለም። ልጇን በጭቃና በገለባ መሃል ማየት የማትፈልገው፣ እጁን ጭቃ የነካው ሰው ምን እንደሚባል ስለምታውቅ ነው። ሱቁ አዲስ ነው፤ ንቀቱ አሮጌ ነው።

እዚህ ላይ ተቃውሞ እንደሚመጣብኝ አውቃለሁ። የመጀመሪያው፣ «ታዲያ ልጆቻችን በዚህ ዘመን ጨርቅ ይራገጡ ነው የምትለው?» የሚል ነው። አይደለም። ድህነትን በናፍቆት ቀለም መቀባት እንደ እኔ ያለ ሃምሳን የተሻገረ ሰው በሽታ ነው፤ እኔ ግን አልታመምኩም። ለልጁ እውነተኛ ኳስ ግዙለት። የጃፓን ልጆችም ዛሬ ሜዳ የሚወጡት ቴማሪ ይዘው አይደለም። ጥያቄው በምን ይጫወት አይደለም፤ አንድ ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በራሱ እጅ መሥራት ይችላል ወይ ነው።

ሁለተኛው፣ «ዘመኑ የኮምፒዩተር ነው፤ መሶብ መስፋት ምን ይፈይዳል?» የሚል ነው። ይህን የሚለው ሰው ብዙውን ጊዜ ኮምፒዩተሩን የሠሩት እነማን እንደሆኑ ይረሳል። ስልኩንም፣ መኪናውንም፣ የሚሳሳለትን ካሜራውንም ከሚሠሩልን አገሮች አንዷ ያቺው በክር ኳስ የምትመካዋ አገር ናት። ክር መጠምጠሙ መኪና ከመሥራት አላገዳትም። እኛ ክሩን ንቀን መኪናውን ሠራን? ወይስ ሁለቱንም ከሱቅ ነው የምንገዛው?

ሦስተኛው እውነትነት አለው። «ወላጅ ጊዜ የለውም፣ መምህሩም ክፍሉ በተማሪ ተጨናንቆበታል፣ ክርና መርፌ የሚገዛበት በጀትም የለውም» የሚል ነው። ልክ ነው። ለዚህም ነው ጣቴን እናትየዋ ላይ ብቻ የማልቀስረው። ያላስተማሩትን ሥራ ሠርተህ አምጣ ማለት ራሱ ሂድና ግዛ ማለት ነው። በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት «የክወናና የዕይታ ጥበባት» የሚል ትምህርት ለታች ክፍሎች አስገብቷል። ስሙ ያምራል። ግን ዕይታው የሱቅ መስኮት ዕይታ፣ ክወናውም ገንዘብ የማውጣት ክወና ሆኖ እንዳይቀር እፈራለሁ።

ምን ይደረግ? ብዙ ብር አይጠይቅም። በመጀመሪያ፣ የእጅ ሥራ ከቤት ይምጣ የሚባለው ነገር ይቅር። ክፍል ውስጥ፣ በመምህሩ ዓይን ሥር ያልተሠራ ነገር አንድም ማርክ አይያዝበት። ጠማማ ከሆነ ጠማማ ይሁን፤ ልጁ ለምን እንደጠመመበት ከነገረን ከአሥር አሥር ይገባዋል።

ቀጥሎ፣ መምህሩ የማያውቀውን የምታውቅ ሴት ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ አለች። ስፌት ሰፊዋ ትጠራ፣ ሸክላ ሠሪዋ ትጠራ፣ ሸማኔውና እንጨት ጠራቢው ይጠሩ። ሲመጡም ለበዓል ማድመቂያ በባህል ልብስ ተደርድረው ፎቶ ለመነሣት አይሁን። «መምህር» ተብለው፣ ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆመው፣ የሰዓታቸው ተከፍሏቸው ይሁን። «ፉጋ» ስትባል የኖረች ሴት ክፍል ስትገባ አርባና ሃምሳ ልጅ ከመቀመጫው ተነሥቶ «እንደምን አደሩ መምህር» ሲላት ይታያችሁ። የምኒልክ አዋጅ በመቶ ዓመት ያላደረገውን ያ አንድ «እንደምን አደሩ» በአንድ ጠዋት ሊጀምረው ይችላል። ለእናቶች አንትሮሽት የሚባል በዓል ያለው ሕዝብ ይህን ማድረግ ያቅተዋል ብዬ አላምንም።

ዩኒቨርሲቲዎቻችንንም አልረሳሁም። «አገር በቀል ዕውቀት» የሚል ባነር ሰቅለው፣ ባለዕውቀቱ በሌለበት ስለ ዕውቀቱ ሁለት ቀን ተወያይተው፣ አበል ፈርመው የሚለያዩትን ስብሰባዎች እኔም በመምህርነት ዘመኔ ጠግቤያቸዋለሁ። ወልቂጤ ከተማ አጠገብ፣ ጉብሬ ላይ ዩኒቨርሲቲ አለ። የቅርጫቱን፣ የሸክላውንና የቃጫውን ሙያ ከየአዛውንቱ እጅ ተቀብሎ፣ የሠሪውን ስም ጨምሮ ለመመዝገብ ከእሱ የቀረበ ተቋም የለም። ጃፓኖቹ ቴማሪን ያተረፉት የሚያውቁት አሮጊቶች በሕይወት ሳሉ ስለጠየቁ ነው። የእኛዎቹም ዕድሜ አይጠብቅም።

ወላጅ ሆይ፣ ለአንተ ደግሞ አንድ ትንሽ ነገር አለኝ። በሚቀጥለው ሴሚስተር ልጅህ «አባዬ፣ የእጅ ሥራ አምጡ ተብለናል» ብሎ ሲመጣ ኪስህን አትዳብስ። አንድ አሮጌ ካልሲ፣ ጥቂት ብጣሽ ጨርቅ፣ መርፌና ክር ስጠው። አጠማጠሙንም አሳየው፤ መቼም አልረሳኸውም።